የእትዬ ጨፌ ከተቃጠለ በኋላ

የካቲት 4

የእትዬ ጨፌ ከትናንት ወዲያ ተቃጠለ። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጅማ፣ ከቦዬ ወዲያ ባለው ረግረግ ጥግ ላይ አንድ ቁራጭ ጨፌ አላቸው። ቄጠማውን ያጭዱና ገበያ ያወጡታል። ጅማ ውስጥ በቀን ስንት ቤት ቡና እንደሚፈላ አስቡት፤ ቄጠማ ቀላል ንግድ አይደለም።

እሳቱን ማን እንደለኮሰው ብዙ ይወራል። አንዱ የማሳውን ዳር ሲያቃጥል ነፋስ ወሰደበት ይላል። ሌላው ለከብት አዲስ ሣር እንዲወጣ ሆን ተብሎ ነው ይላል። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሥራዬ የሞባይል ጥገና ነው። ውሃ የገባበት ወይም የተቃጠለ ስልክ ሲመጣልኝ የማየው ቦርዱ ተርፎ እንደሆነ ብቻ ነው።

ዛሬ ሄጄ አየሁት። የኳስ ሜዳ ግማሽ የሚያህል ጥቁር መሬት። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። "በቃ አለቀ፣ ልጄ" አሉኝ። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቆመን ሳለ ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት መጡ። አመዱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና "ጫማህን አውልቅና ግባ" አሉኝ።

"ለምን፣ አባባ?"

"እግርህን ከበረደህ ይበቅላል። ከሞቀህ ግን እሱን እርሳው።"

አወለቅኩ። መሐሉ ላይ በረደኝ። ከአመዱ ሥር ያለው ጭቃ ገና ርጥብ ነው። ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ስደርስ ግን ዘልዬ ወጣሁ። እሳቱ ጠፋ ከተባለ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ መሬቱ ግን ከሥር ይነዳል።

የካቲት 5

ጠርዙን በዶማ ቆፈርነው። ጭሱ ከአፈሩ ውስጥ ነው የሚወጣው። አፈር ከማለት ይልቅ ኩበት ቢባል ይቀርበዋል። ለስንት ዓመት ሳይበሰብስ የተከመረ ሥርና ቅጠል ነው። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ አየር ስለማያገኘው አይበሰብስም፣ አይነድም። ሲደርቅ ግን ማገዶ ነው። የኩበት እሳት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ነበልባል የለው፣ ቶሎ አይጠፋ።

ለምን እዚያ ብቻ ደረቀ? መልሱ አጠገቡ ነው። ባሕር ዛፍ ለመትከል ውሃው እንዲሸሽ ተብሎ የተቆፈረ ቦይ በዚያ ጠርዝ በኩል ያልፋል። የሰውየው መሬት የራሱ ነው፤ ቦዩ ግን የእትዬንም ውሃ ይዞ ይሄዳል።

እኔና የእትዬ ትንሹ ልጅ 27 ባልዲ ውሃ አፈሰስን። ማታ ወገቤን ይዤ ገባሁ።

የካቲት 7

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። "የተቃጠለ ረግረግ" ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ ሁሉ የባሕር ዳርቻ ነገር ነው። የጅማን ጨፌ ብጠይቀው የአሜሪካዋን ሉዊዚያና ይነግረኛል። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብዬ ተቀምጬ ስለ ማዕበል ሳነብ አደርኩ። ነገሩ ግን ወደደኝ፣ እኔም ወደድኩት። ጨው ጨመረ እንጂ ብዙው ከእኛው ጨፌ ጋር ይመሳሰላል።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው ጨዋማ ረግረግ በመብረቅም በሰው እጅም ሲቃጠል የኖረ ነው። አውሬ ለቆዳው ሲሉ የሚያጠምዱ ሰዎች ሆን ብለው ያቃጥሉት ነበር። በዚያ አካባቢ ቃጠሎውን ሦስት ዓይነት ብለው ይለያሉ። አንደኛው መሬቱ ውሃ ይዞ ሳለ የሚነደው ነው። ላዩን ሣር ወስዶ ሥሩን ይተዋል። ሁለተኛው አፈሩ ደረቅ ሲል ሥር ድረስ የሚወርደው ነው። ሦስተኛው መሬቱን ራሱን የሚበላው ነው። እሱ ሲጠፋ ጉድጓድ ይተዋል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ሣር የነበረበት ቦታ ኩሬ ሆኖ ይቀራል።

አዛውንቱ በእኔ ባዶ እግር የለኩት ይኼንኑ ነው! የእትዬ መሐል አንደኛው ዓይነት፣ ጠርዙ ሦስተኛው።

አንደኛው ዓይነት ሲሆን የባሕር ዳሩ ረግረግ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት የዕድገት ወቅት ውስጥ ይለብሳል። ለእትዬ ነግሬያቸው "አሜሪካኖቹ ቄጠማ ይሸጣሉ እንዴ?" አሉኝ።

የካቲት 11

ዛሬ ሥራ ተጀመረ። አራት ቦታ በችካልና በሲባጎ ከለልኩ፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር። አንድና ሁለት ቁጥር መሐሉ ላይ ናቸው። ሦስት ቁጥር ጠርዙ ላይ። አራት ቁጥር እሳት ያልነካው፣ ለማወዳደሪያ። በየሳምንቱ የወጣውን ቡቃያ ልቆጥር፣ ረጅሙን በሜትር ልለካ፣ ከአንድ ቦታ ቆሜ ፎቶ ላነሳ ነው። በቃ።

አንድ ቁጥር ውስጥ ከወዲሁ አረንጓዴ መርፌ የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል። ቆጠርኩ፤ 9። እሳቱ ከነደደ ገና 9 ቀኑ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ።

ከዳር አንዱን ቆፍሬ አየሁት። ከጭቃው ሥር ዝንጅብል የመሰለ ወፍራም ግንድ አግድም ይሄዳል። ስንቁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ርጥብ ጭቃ ለመሞቅ ብዙ ሙቀት ይፈጃል። ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይበላዋል። ስለዚህ ላዩ ከሰል ሲሆን ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ያለው ግንድ እሳት መኖሩንም አልሰማም።

የካቲት 18

አንድ ቁጥር፦ 46 ቡቃያ፣ ረጅሙ 7 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ቁጥር፦ 38፣ 6 ሳንቲ ሜትር። ሦስት ቁጥር፦ ዜሮ። አራት ቁጥር ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር አለ፤ አዲስ ቡቃያ 19 ብቻ። ያልተቃጠለው ከተቃጠለው ያነሰ አወጣ።

ሳስበው ይገባል። ያልተቃጠለው ውስጥ የአምናው ደረቅ ቄጠማ ተኝቶበታል። ብርሃን መሬት አይደርስም። የተቃጠለው ግን ልብሱን አውልቋል። ጥቁር መሬት ፀሐይ ይስባል፣ ይሞቃል። አመዱ ደግሞ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው። ናይትሮጅኑ ግን አብዛኛው ከጭሱ ጋር ሄዷል። በባሕር ዳሩም እንዲሁ ነው፤ ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣው ሣር መጀመሪያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለጋና ለምለም ነው።

ለጋና ለምለም የሆነ ነገር ደግሞ ተመልካቹ ብዙ ነው።

የካቲት 24

ከብቶቹ በሉት። አንድ ቁጥር ተላጭቷል። ሁለት ቁጥር ላይ የሰኮና ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። ችካሎቼን ደግሞ ልጆች ነቅለው ለኳስ ጎል አድርገዋቸዋል። ለማመሳከሪያ ያነሳሁት ፎቶ ባይኖር ቦታውንም አላገኘውም ነበር። ልጆቹን አልቆጣኋቸውም። ጎሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ተክለውታል።

ይኼም አዲስ ነገር አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ዳር በብርዱ ወራት የሚመጡ ነጫጭ ዝይዎች አሉ። የተቃጠለ ረግረግ ከሰማይ ያዩና በሺህ እየሆኑ ይወርዱበታል። ቡቃያውን ብቻ አይደለም የሚበሉት፤ ሥሩንም በመንቆራቸው ነቅለው ይጨርሱታል። እሳት ያልገደለውን ረግረግ ዝይ የጨረሰው ቦታ አለ። የእኛ ላሞች ቢያንስ ሥር አይነቅሉም።

ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ሳቁና "ጥፋቱ የከብቱ ነው እንዴ? አረንጓዴ አይቶ የሚያልፍ ከብት የት አለ" አሉ። ቢሆንም እስከ ሚያዝያ ድረስ ወደ ማዶ ሊነዷቸው ተስማሙ። እትዬም አንድ ጀበና ቡና አፈሉላቸው፤ ውሉ የተፈረመው በዚያ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ጨፌ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ሜዳውንም ጉባኤውንም ይጠራል። የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የተባለው ከዚያ ነው። ለምለም ሣር ላይ ተቀምጦ መነጋገር ከጥንት የመጣ ነገር ነው። እኛም በከፊል የተላጨ ጨፌ ላይ ተቀምጠን ተስማማን።

መጋቢት 2

ዝናቡ ሊገባ ነው። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ያነበብኩት አንድ ነገር ነው። የባሕር ዳርቻ ረግረግ ከቃጠሎ በኋላ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በእሳቱ አይደለም፤ ጉቶው ቀና ሳይል ውሃ ሲውጠው ነው። ማመን አልቻልኩም። የውሃ ተክል እንዴት በውሃ ይሞታል?

አንድ የቄጠማ አገዳ ቆርጬ አየሁት። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው። ውሃ ውስጥ ነክሬ ስጨምቀው አረፋ ይወጣል። ጭቃው ውስጥ ኦክስጅን የለም። ሥሩ የሚተነፍሰው በዚህ አገዳ በኩል ነው። አገዳው ቢደርቅም ቢቃጠልም ጫፉ አየር ላይ እስካለ ድረስ አየር ያወርዳል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን አፍንጫ መያዝ ማለት ነው።

ማየት አለብኝ ብዬ ጓሮ ውስጥ ቤተ ሙከራ ከፈትኩ። አምስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አፋቸውን ቆረጥኩ። ከእትዬ ጨፌ አምስት ጉቶ ከነጭቃው ነቅዬ በየጀሪካኑ ተከልኩ። ላያቸው ላይ ደረቅ ሣር አድርጌ አቃጠልኳቸው። (ባለቤቴ ከመስኮት ሆና "ጤና ነው?" አለችኝ።) አራቱን በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት አስተካከልኳቸው። ሁለቱ ላይ ውሃው 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉቶው ከላይ ይታያል። ሁለቱ ላይ ውሃው 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉቶው ሰጥሟል። አምስተኛው የጨው ነው።

የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። ለ10 ሊትር 350 ግራም። ሱቅ ሄጄ አስመዘንኩ። ባለሱቁ "ለከብት ነው?" አለኝ። "ለቄጠማ" ስለው ሚዛኑን ይዞ ትንሽ ዝም አለ። ጨዉ የአፍዴራ ነው። አያቶቻችን በሂርማታ ገበያ አሞሌ ጨው ገንዘብ አድርገው ሲገበያዩበት ነበር፤ እኔ ጭቃ ላይ ደፋሁት።

መጋቢት 7

አምስተኛው ጀሪካን ሞተ። በአምስት ቀን ውስጥ ብቅ ያለው ቡቃያ ሁሉ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ተኛ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኛ ቄጠማ ጨው የሌለው ውሃ ተክል ነው፤ ሙሉውን ጨው በአንድ ጊዜ ጨመርኩበት። የባሕር ዳሮቹ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ሣር ጨዉን በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች ላብ አድርጎ ያወጣዋል፤ ቅጠሉ ላይ የጨው ቅንጣት ሲያብረቀርቅ ይታያል። ሌላው ደግሞ ወፍራም አገዳው ውስጥ ከውሃ ጋር አጠራቅሞ ይይዘዋል።

ጀሪካኑን ከመድፋቴ በፊት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሁለት ሳፋ ጭቃ ሞላሁ። ሁለቱም ላይ ያንኑ ጨው ውሃ ሁለት ሁለት ሊትር አደረግኩ። አንዱን ደረቅ ሣር አለበስኩት፣ አንዱን ራቁቱን ፀሐይ ላይ ተውኩት። ማታ ማታ የጎደለውን እስከ ምልክቱ ድረስ በጨው ውሃ እሞላለሁ።

መጋቢት 16

ይኼን ቀን አልረሳውም። ጉቶአቸው ከውሃ በላይ የሆኑት ሁለት ጀሪካኖች 14 እና 11 ቡቃያ አላቸው። ከሰመጡት አንዱ ምንም የለው። ሌላው አንድ ቢጫ ነገር አውጥቶ ውሃው ውስጥ እያለ ለስልሷል። ጭቃውን በእንጨት ሳነሳው ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ጓሮው ለግማሽ ሰዓት አልተገባበትም።

ያ ሽታ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። አየር የሌለው ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከሰልፌት ይሠሩታል። የባሕር ውሃ በሊትር 2.7 ግራም ያህል ሰልፌት አለው፤ የእኛ የጀሪካን ውሃ ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የእኔ ጓሮ እንዲህ ከሸተተ እዚያ ሥሩ ምን ውስጥ እንደሚቀመጥ አስቡት። ለሥር መርዝ ነው። አገዳው አየር ሲያወርድ ሥሩ ዙሪያ ያለው መርዝ ይከሽፋል፤ አገዳው ሲሰጥም መከላከያው ቀረ።

ለእትዬ ጀሪካኖቹን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ አሸተቱ፣ ቀና አሉ። "እኔ ቄጠማ ከውሃ በታች አላጭድም። እናቴም አታጭድም ነበር" አሉኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። ሲያጭዱ ሁልጊዜ አንድ ጭብጥ ከውሃው በላይ ይተዋሉ። 350 ግራም ጨውና ሁለት ሳምንት ከማባከኔ በፊት እሳቸውን ብጠይቅ ኖሮ!

መጋቢት 18

ሳፋዎቹ። ራቁቱ ሳፋ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጥቷል፤ በጥፍር ይነሳል። ሣር የለበሰው ላይ ጠርዙ አካባቢ ብቻ ትንሽ ነጣ ብሏል። ያው ውሃ፣ ያው ጨው። ልዩነቱ ጥላ ነው።

ለባሕር ዳሩ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ሣሩ የጠፋበት ባዶ ቦታ በፀሐይ ሲተን ጨዉ ይጠራቀማል። ከባሕሩ ራሱ የበለጠ ጨዋማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ የወደቀ ዘር አይሆንለትም። ስለዚህ ባዶው የሚሞላው ከዳር ነው። ከጎኑ ያለው ሣር ከእናቱ ሥር ውሃ እየተቀበለ ግንዱን ወደ ባዶው ይዘረጋል፣ ያጠላል፣ ጨዉ ይቀንሳል፣ ሌላው ይከተላል። ትንሽ ባዶ ቶሎ ይዘጋል። ሰፊ ባዶ ዓመታት ይቆያል።

የእኛ ጠርዝ ጨው የለበትም። ያም ሆኖ ሦስት ቁጥር ዛሬም ዜሮ ነው።

ሚያዝያ 6

ዝናቡ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ጣለ። የአዌቱ ወንዝ ደፍርሶ ነው የሚወርደው። ጠዋት በሩጫ ሄድኩ። መሐሉ ላይ ውሃው 18 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ልቤ ቆመ። አንድና ሁለት ቁጥር ግን ከውሃው በላይ ናቸው፤ 31 እና 27 ሳንቲ ሜትር። ከብቶቹ እስከ ዛሬ ቢግጡት ኖሮ የጀሪካኑ ታሪክ ነበር የሚደገመው። አዛውንቱን ባገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ አልኩ። አገኘኋቸው፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ብቻ አወሩኝ።

ሚያዝያ 14

የቦዩ ጉዳይ። እትዬ ራሳቸው ሄደው ሰውየውን አነጋገሩት። እኔ ብሄድ ጠብ ይሆን ነበር። ድርድሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ውጤቱም ግማሽ ነው። ቦዩ አይደፈንም፤ በእትዬ በኩል የሚያልፈው ላይ ግን አፈር የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ይደረደራል፣ ትርፉ ውሃ በላዩ ይፈስሳል። 22 ከረጢት ሞላን። ሰውየው መጨረሻ ላይ መጥቶ አራት ከረጢት ተሸከመልን። ምንም አላለም።

ሰኔ 3

አንድ ቁጥር 88 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ቁጥር 84። መቁጠር አቁሜያለሁ፤ እጅ አያስገባም። ፎቶውን ከአራት ቁጥር ጎን ሳስቀምጠው የትኛው እንደተቃጠለ ለማወቅ ጽሑፉን ማንበብ አለብኝ።

ሐምሌ 20

አልሄድኩም ማለት ይቻላል። መንገዱ ጭቃ፣ ሱቁም ሥራ በዝቶበታል። በዚህ ክረምት ስልኩን ውሃ ውስጥ ያልጣለ ሰው የለም።

መስከረም 14

እትዬ ለእንቁጣጣሽ ከመሐሉ አጨዱ። ለመስቀል ደግሞ ነገ ሊያጭዱ ነው። ዛሬ አብሬያቸው ገባሁ፤ ማጭዱንም ሰጡኝ። ከአንድ ጭብጥ በታች ስወርድ እጄን መቱኝ።

ጠርዙን ሄጄ አየሁት። የነደደው ቦታ ከሌላው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። አፈሩ አመድ ሆኖ ስለሄደ ነው። ያ ጭነት ተመልሶ እስኪከመር ስንት ዓመት ነው? ዝቅ ያለው ቦታ መሐሉ ላይ ውሃ አቁሯል፣ እንቁራሪት ገብቶበታል። ደረቅ ባለው በኩል ሙጃ ወርሶታል። ኩሬው ዳር ሁለት ፊላ ቆመዋል፤ ዘራቸው በነፋስ ሳይመጣ አይቀርም። እትዬ ፊላውን አልወደዱትም። አይጎዘጎዝም።

ጥቅምት 8

የከረጢቱ ግድብ አንድ ጥጉ ተንዶ ስለነበር ጠገንነው። ጠርዙ ላይ ያለው ውሃ አሁን ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው።

ሦስት ቁጥር ራሱ አሁንም ባዶ ነው። ከእሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ግን፣ በመሐሉ በኩል፣ አግድም የመጣ ግንድ ጭቃውን ሰንጥቆ አምስት ቡቃያ አውጥቷል። በሲባጎ ለካሁት። ከጤነኛው ጨፌ ጫፍ እስከ መጨረሻው ቡቃያ 64 ሳንቲ ሜትር። ባዶው ወርዱ 9 ሜትር ነው።

አዲስ ችካል ተከልኩ። በዚህኛው ግን ለልጆቹ አስቀድሜ ሁለት የጎል ቋሚ ሠርቼላቸዋለሁ።